የቴሌቪዥን ድራማ በአንድ ደራሲ ይጻፍ ወይስ በጉባኤ?

ከሥራ ውሎ ደክሞት የገባ ሰው ራቱን በልቶ፤ ልጆቹን ከጎኑ አስቀምጦ፤ የሚወደውን ድራማ በቴሌቪዥን ከተመለከተ በኋላ ታሪኩ ደስ ካሰኘው ተዋንያኑን ያመሰግናል። ካሰለቸው ግን «ደራሲውን ምን ነካው?» ይላል። ምስጋናው ለሚታዩት፤ ወቀሳው ለማይታየው መሆኑ ነው። የዚህን ፍርድ ትክክለኛነት ለሌላ ቀን እናቆየውና፤ ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ የሚወቀሰው ደራሲ ማነው? አንድ ሰው ነውን? ወይስ በድራማው መጨረሻ ስማቸው እንደ ነፋስ ሽው ብሎ የሚያልፍ አምስትና ስድስት ሰዎች ናቸው? ደግሞስ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?

ይህ ጥያቄ ለደራስያን ብቻ የተተወ የሙያ ክርክር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። ድራማ የብዙ ሰው ጊዜ የሚፈስበት ነገር ነው። መቶ ክፍል ያለው ድራማ እያንዳንዱ ክፍል አርባ ደቂቃ ቢፈጅ፤ ተመልካቹ ከስድሳ ስድስት ሰዓት በላይ ይሰጠዋል። ይህን ያህል ጊዜ የሰጠ ሰው ታሪኩ መድረሻ ያለው እንዲሆንለት ቢጠይቅ መብቱ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ይህን ሁሉ ሰዓት በብዕሩ የሚሞላ ሰው አለ። የእርሱም ጤናና ኑሮ፤ ስምና ክፍያ በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ በበኩላችን የመሰለንን ለመግለጽ እንወዳለን። የውጭ አገር ነገር ስናነሣ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ የአገራችን ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

የልማዳችን ምንጭ

በእኛ ዘንድ ደራሲ ሲባል አንድ ሰው ማለት ነው። መጽሐፍ የአንድ ሰው ነው። ቲያትርም ቢሆን የከበደ ሚካኤል፤ የመንግሥቱ ለማ፤ የጸጋዬ ገብረ መድኅን እየተባለ በደራሲው ስም ይጠራል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ድራማውም ከቲያትር ቤት ይዞት የመጣው ልማድ ይኸው ነበር። አንድ ደራሲ ይጽፋል፤ አንድ አዘጋጅ ያዘጋጃል፤ ተዋንያን ይጫወታሉ። የአንድ ምሽት ጨዋታ እስከ ሆነ ድረስ ይህ ልማድ ጉድለት አልነበረበትም።

ችግሩ የመጣው ድራማው ተከታታይ በሆነ ጊዜ ነው። ሒሳቡን እንመልከተው። አንድ የመድረክ ቲያትር ሁለት ሰዓት ይፈጃል እንበል። ከላይ የጠቀስነው ባለ መቶ ክፍል ድራማ እንግዲህ ከሠላሳ ሦስት ቲያትር ጋር ይተካከላል። ቲያትር ጸሐፊው ለአንዱ ሥራ አንድ ዓመት፤ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ሠላሳ ሦስት ቲያትር በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ይጻፍ ብሎ የሚያዝ ሰው ቢገኝ ሁላችንም እንስቅበት ነበር። በቴሌቪዥን ሲሆን ግን ይህ ትእዛዝ ትእዛዝ አይመስለንም።

የአንድ ብዕር ጉልበት

ለአንድ ደራሲ የሚሰጠውን ክብር ለመንፈግ አልተነሣንም። እንዲያውም በቴሌቪዥን ታሪክ ከታዩት ድንቅ ሥራዎች ብዙዎቹ የአንድ ሰው ብዕር ውጤቶች ናቸው። እንግሊዛዊው ዴኒስ ፖተር «ዘ ሲንጊንግ ዲቴክቲቭ» የተባለውንና በ1986 የታየውን ባለ ስድስት ክፍል ድራማ የጻፈው ብቻውን ነው። ፖተር ቆዳን የሚያቆስልና መገጣጠሚያን የሚያደርቅ ብርቱ ሕመም ነበረበት። ያንኑ ሕመም ለድራማው ዋና ባለታሪክ ሰጠው፤ ሰውየው በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ በትዝታና በቅዠት፤ በድሮ ዘፈንና በወንጀል ታሪክ መካከል ሲመላለስ አሳየን። እንዲህ ያለውን ታሪክ በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ስድስት ሰዎች ተማክረው አያወጡትም። ከአንድ ሰው ቁስል ብቻ የሚወጣ ነገር አለና።

ወደ ጎረቤታችን ወደ ግብፅም ብንመለከት የኡሳማ አንዋር ኡካሻን ስም እናገኛለን። ኡካሻ «ለያሊ አል-ሒልሚያ» በተባለው ድራማ፤ ትርጓሜውም «የሒልሚያ ሌሊቶች» ማለት ነው፤ የካይሮን አንድ ሰፈር ይዞ ከንጉሥ ፋሩክ ዘመን ጀምሮ የአገሩን ታሪክ በሁለት ባላንጣዎችና በቤተ ሰቦቻቸው ኑሮ ተረከ። ድራማው ከ1987 እስከ 1995 ድረስ በአምስት ምዕራፍ ታየ። የቡና ቤቱ ጨዋታ፤ የባለሀብቱ አነጋገር፤ የባላገሩ ሹም ቧልት ሁሉ የአንድ ሰው ጆሮ የለቀማቸው ነበሩ። በ2010 ኡካሻ ዐረፈ። በ2016 ሌሎች ደራስያን ስድስተኛውን ምዕራፍ ጽፈው ባቀረቡ ጊዜ በአገሩ ክርክር ተነሣ። ሕዝቡ ሰፈሩን ያውቀዋል፤ ባለታሪኮቹንም ያውቃቸዋል፤ ነገር ግን የሚያወራለት ሰው ድምፅ መለወጡን ጆሮው ለየ።

እንግዲህ የአንድ ደራሲ ትልቁ ሀብት ይህ ድምፅ ነው። ታሪኩ ከአንድ ልብ ስለሚፈልቅ መጀመሪያውና መጨረሻው ይተዋወቃሉ። በመጀመሪያው ክፍል የተጣለች ፍሬ በመጨረሻው ክፍል ትበቅላለች። ይህን ጥቅም የማይቀበል ሰው ካለ ድራማን በሚገባ ተመልክቷል ለማለት ያስቸግረናል።

የአንድ ብዕር ድካም

ነገር ግን ብዕሩን የያዘው እጅ የሰው እጅ ነው። አሜሪካዊው ሮድ ሰርሊንግ ከ1959 እስከ 1964 የታየውን «ዘ ትዋይላይት ዞን» የተባለ ድራማ ሲመራ፤ ከ156ቱ ክፍሎች 92ቱን የጻፈው ራሱ ነው። ጣቱ ስለማያደርስለት በድምፅ መቅጃ እየተናገረ ያስጽፍ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ድካም እንደ ተጫነው ራሱ ተናገረ። ልብ እንበል፤ የእርሱ ድራማ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ታሪክ ስለ ነበረ፤ ሪቻርድ ማቲሰንንና ቻርልስ ቦሞንትን የመሰሉ ብርቱ ጸሐፊዎች ሸክሙን ያቃልሉለት ነበር። እንዲህም ሆኖ ደከመ።

ማይክል ስትራዚንስኪ የተባለው ሌላው አሜሪካዊ ደግሞ ከዚህ የባሰ ሸክም ተሸከመ። «ባቢሎን 5» የተባለውን ድራማ ገና ከጅምሩ የአምስት ዓመት አንድ ታሪክ አድርጎ ዐቀደው። ከ110ሩ ክፍሎች 92ቱን ጻፈ፤ የሦስተኛውንና የአራተኛውን ዓመት ክፍሎች በሙሉ ከእርሱ በቀር ማንም አልጻፈም። ብልኅ ሰው ስለ ነበረ ተዋናይ ድንገት ቢሄድ ታሪኩ እንዳይሰበር ለየባለታሪኩ መውጫ በር አስቀድሞ አበጅቶ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ዋና ተዋናይ በወጣ ጊዜም ያ መውጫ ጠቀመው። ቢሆንም በአራተኛው ዓመት ድራማው ሊቋረጥ ነው የሚል ሥጋት መጣ። ስለዚህ ለአምስተኛው ዓመት ያቆየውን ታሪክ እያጣደፈ በአራተኛው ጨመረው፤ አምስተኛው ዓመት ሲፈቀድ ግን እህሉ ያለቀበት ጎተራ ሆኖ ተገኘ። ዕቅዱ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ሲኖር፤ ከውጭ የሚመጣ ነፋስ ሁሉ የሚመታው ያንኑ ራስ ነው።

በቅርቡም ዘመን ይህ ነገር አልቀረም። ኮሪያዊው ህዋንግ ዶንግ-ህዩክ በ2021 ዓለምን ያስደነቀውን የ«ስኩዊድ ጌም»ን የመጀመሪያ ዘጠኝ ክፍሎች ብቻውን ጽፎ፤ ብቻውን አዘጋጀ። ከሥራው ጭንቀት የተነሣም ጥርሶቹ መርገፋቸውን ለጋዜጠኞች ነግሯል። ዘጠኝ ክፍል ይህን ካደረገ፤ መቶ ክፍል ምን ያደርግ ይሆን?

ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የቱርካዊቱ ደራሲ የሜራል ኦካይ ነገር ነው። ስለ ሱልጣን ሱሌይማን ቤተ መንግሥት የሚያወራው «ሙህተሸም ዩዝዪል» የተባለው ድራማ በ2011 ሲጀመር ጸሐፊዋ እርስዋ ነበረች። በቱርክ አገር አንድ የድራማ ክፍል በየሳምንቱ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ፤ እንደ አንድ ሙሉ ፊልም ያለ ነው። ኦካይ ታሪኩ ገና ሳይፈጸም በ2012 ዐረፈች። ድራማው ሌላ ደራሲ ተተክቶለት እስከ 2014 ድረስ ቀጠለ። የቱርክ ድራማ በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ እየተነገረ በየቤታችን ከገባበት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ተዋንያኑ መልክና ስለ ቤቱ ማማር ብዙ ሲወራ ሰምተናል። ያን ሁሉ ሰዓት በየሳምንቱ ስለሚሞሉት ጸሐፊዎች ግን ሲወራ የሰማነው ጥቂት ነው። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ቀን ጭምር ነው።

ጉባኤው እንዴት ተወለደ?

የደራስያን ጉባኤ የተፈለሰፈው ለጥበብ ታስቦ ሳይሆን ከቸገረ ነገር የተነሣ ነው። ኢርና ፊሊፕስ የተባለችው አሜሪካዊት በ1930ዎቹ ዓመታት ለራዲዮ በየቀኑ የሚተላለፉ ተከታታይ ድራማዎችን ትጽፍ ነበር። ሳሙና የሚሸጡ ድርጅቶች ወጪውን ስለሚችሉ ይህ ዓይነት ድራማ እስከ ዛሬ በሳሙና ስም ይጠራል። ፊሊፕስ ከአንድ በላይ ድራማ በአንድ ጊዜ ስትይዝ እጅዋ አልበቃም አለ፤ ስለዚህ እርስዋ እየተናገረች ሌላ ሰው ይጽፍላት ጀመር። ቆይታም የታሪኩን አካሄድ ለራስዋ ይዛ የባለታሪኮቹን ንግግር የሚጽፉላት ሰዎች ቀጠረች። ከእነዚያም አንዲቱ አግነስ ኒክሰን ነበረች። ኒክሰን ሙያውን ከእርስዋ ተምራ ስትወጣ በ1968 እና በ1970 የየራሳቸውን ብዙ ዘመን የኖሩ ሁለት ታላላቅ ድራማዎች አቋቋመች። ፊሊፕስ በ1937 በራዲዮ የጀመረችው «ጋይዲንግ ላይት» የተባለው ድራማም በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ እስከ 2009 ቆየ። ሰባ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። እርስዋ ያረፈችው በ1973 ነበር።

ዛሬም በአሜሪካ የጉባኤ ሥርዓት ይሠራበታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጸሐፊዎቹ በአንድ ክፍል ውስጥ በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። በግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ። የዓመቱ ታሪክ በየክፍሉ፤ የየክፍሉም ታሪክ በየትዕይንቱ እየተቆረሰ በትናንሽ ካርድ ተጽፎ በሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። አንዱ ሐሳብ ያመጣል፤ ሁለተኛው «ይህ ሰው እንዲህ አያደርግም» ብሎ ይቃወማል፤ ሦስተኛው ያስታርቃል። ታሪኩ ከተቆረሰ በኋላ አንዱ ጸሐፊ አንዱን ክፍል ወስዶ ለብቻው ይጽፋል። የተጻፈው ተመልሶ ይመጣል፤ ይነበባል፤ ይታረማል። በመጨረሻም ዋናው ደራሲ ከራሱ ድምፅ ጋር እስኪስማማ ድረስ ዳግመኛ ይጽፈዋል።

ስለዚህ ጉባኤ ሲባል አንድን ዓረፍተ ነገር ስድስት ሰዎች ብዕር ተሻምተው የሚጽፉበት ስፍራ አይደለም። ታሪኩ በጋራ ይመከራል እንጂ ገጹ የሚጻፈው በአንድ ሰው ነው። ይህን ባለማወቅ ጉባኤን የሚንቁ ሰዎች ስላሉ ነው ማስረዳታችን።

የጉባኤው ፍሬ

ጉባኤ በሚገባ ሲመራ ሁለት ፍሬ ያፈራል። የመጀመሪያው ለታሪኩ ነው። አንድ ሰው በራሱ ሐሳብ ሲማረክ ጉድለቱን አያይም፤ ባልንጀራው ግን ያይለታል። በ2008 የጀመረውን «ብሬኪንግ ባድ» የተባለውን ድራማ የመሠረተው ቪንስ ጊሊጋን፤ ጄሲ ፒንክማን የሚባለውን ወጣት በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ሊገድለው አስቦ ነበር። የተዋናዩን ችሎታ ባየ ጊዜ ግን ሐሳቡን ለወጠ፤ ያ ወጣትም እስከ 2013 ድረስ የታሪኩ ሁለተኛ ምሰሶ ሆነ። ታላቅ ባለታሪክን ከሞት አድኖ ለአራት ዓመት ተጨማሪ ሕይወት መስጠት ታሪኩን ሁሉ እንደ ገና መቁረስ ነውና፤ አብረውት የሚያስቡ ሰዎች ባይኖሩ የዋና ደራሲው መንገድ ምን ያህል በከበደ ነበር!

ሁለተኛው ፍሬ ለነገ ነው፤ እኛም የምናተኩረው በዚህ ላይ ነው። ጉባኤ ትምህርት ቤት ነው። ጊሊጋን ራሱ ሙያውን የተማረው «ዘ ኤክስ ፋይልስ» በተባለው ድራማ ጉባኤ ውስጥ ነበር። በእርሱ ጉባኤ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ፒተር ጉልድ በ2009 በጻፈው ክፍል አንድ አስቂኝ ጠበቃ አስገባ፤ ያ ጠበቃ ኋላ «ቤተር ኮል ሶል» ለተባለው ራሱን ለቻለ ድራማ ምክንያት ሆነ፤ ጉልድም ከጊሊጋን ጋር የዚያ ድራማ መሥራች ለመባል በቃ። በ«ዘ ሶፕራኖስ» ጉባኤ ውስጥ በዴቪድ ቼዝ ሥር የሠራው ማቲው ዋይነርም በ2007 «ማድ ሜን»ን አቋቋመ። እንዲህ እያለ አንዱ መብራት ሌላውን ያቀጣጥላል። ብቻውን የሚጽፍ ደራሲ ግን ምንም ቢረቅ፤ ብልኃቱን ይዞት ያልፋል።

የጉባኤው በሽታ

ይህን ስንል ጉባኤ ነውር የለበትም ማለታችን አይደለም። ባለቤት የሌለው ጉባኤ ከደከመ ደራሲ የከፋ ነው። ሁሉም ሐሳብ የሚያወጣበት፤ ማንም «ይህ ይቅር» የማይልበት ጉባኤ ታሪኩን የሁሉም ያደርግና የማንም ሳይሆን ያስቀረዋል። የትናንቱን ክፍል የጻፈው ሰው የነገውን አያውቅም። ደግ የነበረው ሰው ያለ ምክንያት ክፉ ይሆናል፤ የሞተው ከመቃብር ይነሣል፤ ለማርገዝ የማትችለው ታረግዛለች። ደግሞም ጉባኤ እስከ ቀጠለ ድረስ ድራማው ሊቀጥል ስለሚችል፤ ታሪኩ ማለቅ ሲገባው አያልቅም። ተመልካች «ተለጠጠ» የሚለው ይህንኑ ነው።

ሌላም ስውር በሽታ አለ። ይኸውም ጉባኤ መስሎ ጉባኤ ያልሆነው ነው። አንድ ስመ ጥር ደራሲ ውል ይዋዋላል፤ ሥራው ሲበዛበት ወጣቶችን ይጠራና በጥቂት ገንዘብ ያስጽፋቸዋል፤ በመጨረሻ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ግን የእርሱ ስም ብቻ ነው። ተመልካቹ ይታለላል፤ ወጣቱ ይበደላል፤ ደራሲውም ያልጻፈውን ሲመሰገንበት ወይም ሲወቀስበት ይኖራል። ይህን የአንድ ሰው ድርሰት ነው ማለትም፤ የጉባኤ ሥራ ነው ማለትም ሐሰት ነው።

ከአሜሪካኖች ክርክር የምንማረው

በ2023 ከአሥራ አንድ ሺህ በላይ የሚሆኑ አሜሪካውያን የፊልምና የቴሌቪዥን ደራስያን ሥራ አቁመው ለ148 ቀናት ቆዩ። ከጠብ ምክንያቶቻቸው አንዱ የጉባኤው መጠን ነበር። ድርጅቶቹ ወጪ ለመቀነስ ጉባኤውን እያሳነሱ፤ ጥቂት ጸሐፊዎችን ለጥቂት ሳምንት ቀጥረው ቀረጻው ሳይጀመር ያሰናብቷቸው ነበር። ደራስያኑም «እንዲህ ከሆነ ወጣቱ ጸሐፊ ድራማ እንዴት እንደሚሠራ ከየት ይማራል?» ብለው ተነሡ። በመጨረሻ በተደረገው ስምምነት ስድስት ክፍልና ከዚያ በታች ላለው ድራማ ቢያንስ ሦስት፤ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ክፍል ላለው አምስት፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ስድስት ጸሐፊዎች እንዲኖሩ ተወሰነ።

በዚያው ስምምነት ውስጥ ግን አንድ ቀዳዳ ተተወ። አንድ ደራሲ የድራማውን ክፍሎች ሁሉ ብቻውን የሚጽፍ ከሆነ ቁጥሩ አይመለከተውም። በክርክሩ ጊዜ እንደ «ዘ ኋይት ሎተስ» ደራሲ እንደ ማይክ ዋይት ያሉ ብቻቸውን የሚጽፉ ሰዎች ሲጠቀሱ ነበርና። ይህ ውሳኔ አስተዋይነት ያለበት ይመስለናል። ብቻውን መጻፍ የሚችለውን አልከለከሉም፤ ብቻውን መጻፍ የማይችለውን ግን ብቻውን እንዲጽፍ አላስገደዱም። ድርጅቱም «ብቻውን ይጻፍ» ሲል ለጥበብ ሳይሆን ለቁጠባ እንዳይሆን አጥር አበጁለት።

እኛስ ከራሳችን ቤት ምን አለን?

ለዚህ ነገር ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም ነበር። የቅኔ ቤታችን ይህን ጥያቄ ከፈታው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር ከሰው ይለያል፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከጫካ ዳር ብቻውን ተቀምጦ፤ ተጎንብሶ፤ ቃል ከቃል ያማርጣል። በዚያን ጊዜ ማንም አያናግረውም። የቆጠረውን ይዞ ግን ወደ ጉባኤው ይመጣል፤ በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ይናገራል። መምህሩ ቤት የጎደለውን ይሞላለታል፤ ምሥጢሩ የተፋለሰውን ያቃናለታል፤ ባልንጀሮቹም እየሰሙ ከእርሱ ስሕተት ይማራሉ። ቅኔው ታርሞ ሲያበቃ ግን የተማሪው ነው። የመምህሩ ነው አይባልም፤ የጉባኤውም ነው አይባልም። ጸጥታውም ጉባኤውም በየጊዜያቸው ቦታ አላቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም።

የተከታታይ ድራማ ሥራችንም በዚህ መንገድ ቢመራ እንወዳለን። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዓመታት የታየው «ሰው ለሰው» ሕዝባችን የራሱን ታሪክ በራሱ ቋንቋ ለማየት ምን ያህል እንደሚጓጓ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ጣቢያው በዝቷል፤ ድራማውም በዝቷል፤ ጉጉቱም አልቀነሰም። የቀረው አሠራሩን ማደላደል ነው። ስለዚህም የሚከተለውን እናሳስባለን።

አስቀድሞ የድራማው ርዝመት ይወሰን። ስድስት፤ ስምንት፤ ቢበዛ አሥር ክፍል ላለው ድራማ፤ ጊዜ እስከ ተሰጠው ድረስ፤ አንድ ደራሲ ይበቃል። እንግሊዛዊቱ ሳሊ ዌይንራይት «ሃፒ ቫሊ» የተባለውን ድራማ አሥራ ስምንት ክፍሎች ስትጽፍ በ2014፤ በ2016 እና በ2023 ለሦስት ጊዜ ከፍላ ነው ያቀረበችው። ለአሥራ ስምንት ክፍል ዘጠኝ ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚህ የረዘመ ድራማ ያለ ዕረፍት በየሳምንቱ እንዲታይ የሚፈልግ ጣቢያ ግን ጉባኤ ማቋቋም ይገባዋል።

ሁለተኛ፤ ጉባኤው አንድ ዋና ደራሲ ይኑረው። እርሱም የታሪኩን መጨረሻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያውቅ፤ «ይህ ይቅር» ለማለት ሥልጣን ያለው፤ ቢሳሳትም የሚጠየቅበት ይሁን። ምክር የብዙዎች፤ ኀላፊነት ግን የአንድ ሰው ነው።

ሦስተኛ፤ የጻፈ ሁሉ ስሙ ይጻፍ፤ ድርሻውም በውል ይታወቅ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 በጋራ የተሠራ ሥራ የጋራ ባለቤቶች እንዳሉት ያውቃል። ሕጉ ካወቀው፤ ውሉ ሊረሳው አይገባም። «ሐሳቤን ይሰርቁኛል» እያለ ከጉባኤ የሚሸሸው ደራሲም መድኀኒቱ መሸሽ ሳይሆን አስቀድሞ መዋዋል ነው።

አራተኛ፤ በየጉባኤው ቢያንስ አንድ ጀማሪ ጸሐፊ ይቀመጥ፤ ቀረጻውም ወደሚካሄድበት ስፍራ ይሂድ። የጻፈው ንግግር በተዋናይ አፍ ሲገባ ምን እንደሚሆን በጆሮው የሰማ ወጣት፤ ከብዙ መጽሐፍ የማያገኘውን በአንድ ቀን ይማራል።

የድራማ ሥራ ባለቤቶች በዚህ ጊዜ «ለአንዱ የምንከፍለው ሲቸግረን ለአራትና ለአምስት ከየት እናምጣ?» ሊሉን ይችላሉ። አቤቱታቸው ከንቱ አይደለም፤ ማስታወቂያ ካልተገኘ ድራማ የለምና። ነገር ግን ሌላውንም ወጪ ይቁጠሩት። ገጹ ሳይደርስ ቀርቶ ተዋንያንና ካሜራ ሠሪዎች ሲጠብቁ የሚያልፈው ቀን ዋጋ አለው። የተጻፈው ሳይታረም ተቀርጾ እንደ ገና ሲቀረጽ ዋጋ አለው። ታሪኩ ተለጥጦ ተመልካች ሲሸሽና ማስታወቂያ አስነጋሪውም ሲከተለው ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው። አምስት ሰው ባይቻል ሦስት ሰው በቂ ነው፤ አንድ ዋና ደራሲ፤ አንድ ረዳትና አንድ ጀማሪ። በወረቀት ላይ የሚታረም ስሕተት ከሁሉ ስሕተት የረከሰ ነው።

በነገሩ ላይ ያለን አስተያየት በአጭሩ ይህ ነው። ክርክሩ አንድ ሰው ይበልጣል ወይስ ብዙ ሰው የሚል መሆን የለበትም። ጥያቄው ታሪኩ ባለቤት አለውን? የጻፉትስ ሁሉ ታውቀዋልን? የሚል ነው። ለእነዚህ ለሁለቱ «አዎን» የሚል መልስ ያለው ድራማ፤ በአንድ ብዕርም ይጻፍ በስድስት፤ ቤቱ የጸና ነው። ለአንዱ ሰው ሸክም የሆነው ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ብለው አባቶቻችን ሲተርቱ፤ ሎሚውን ማን እንደ ተሸከመ ሳይታወቅ ይቅር ማለታቸው አልነበረም። የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን፤ የድራማ ሥራ ባለቤቶችና ደራስያን በዚህ ነገር ላይ ተቀምጠው እንዲነጋገሩበት፤ ከሁሉ አስቀድሞም በሚቀጥለው ውላቸው ላይ የጸሐፊዎቹን ስምና ድርሻ በግልጽ እንዲያሰፍሩ አደራ እንላለን።